«የተበላሸ» የምትሉት ቴምብር አልተበላሸም!

የዛሬው ጽሑፌ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ነገሩ ስለ ቴምብር ነው። «ጋሼ ደግሞ! አገሩ በስንቱ ተወጥሮ ስለ ቴምብር?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ለእሱም መልስ አለኝ፣ ብቻ እስከ መጨረሻው ታገሱኝ።

የምለው አንድ ነገር ነው። በላዩ ላይ ሌላ ጽሑፍ የታተመበት የድሮ የኢትዮጵያ ቴምብር የተበላሸ ቴምብር አይደለም። እንዲያውም ከንጹሑ ይልቅ ብዙ የሚናገረው እሱ ነው። እሱን ለይቶ፣ አንብቦ፣ በዘመኑ ቅደም ተከተል ማስቀመጥ ደግሞ ከማንም በፊት የእኛ፣ ፊደሉን የምናነበው ሰዎች ሥራ ነው።

ምን አናደደህ ብትሉኝ፣ ስሙን የማልጠራው አንድ የአካባቢያችን ትምህርት ቤት ለኤግዚቢሽን ብሎ የድሮ የቴምብር አልበም ፈታ። አልበሙን የተዉት በፖስታ ሥራ ያረጁ አባት ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማር። ቴምብሮቹ ከየገጻቸው ወጥተው ማኒላ ወረቀት ላይ በኮላ ተለጠፉ፤ አንበሳ ከአንበሳ፣ ዘውድ ከዘውድ፣ ቀጭኔ ከቀጭኔ። ጥቁር፣ ቀይ ወይም ሐምራዊ ጽሑፍ የተመታባቸው ግን «የተበላሹ» ተብለው ፌስታል ውስጥ ገቡ። ያንን ፌስታል ደግሞ ቱሪስት ተከትሎ የሚመላለስ አንድ ገዢ «ለምንም አይሆኑም፣ ግን ላንሳላችሁ» ብሎ በርካሽ ሊወስደው ዋጋ እየተጣለበት ነው።

እንዴ! ለምንም የማይሆን ነገር ብር አውጥቶ የሚገዛ ነጋዴ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ይህን ስቃወም የተሰጠኝ መልስ ብዙ ላይክ አገኘ፤ «ልጆች የሚወዱት ስዕል ነው፣ ጽሑፉ ስዕሉን ይሸፍነዋል፣ ለመደርደርም በስዕል ነው የሚቀለው» የሚል። ልጆቹን አልወቅስም። ልጅ የታዘዘውን ይሠራል። ጠቤ ከአዛዡ ጋር ነው፣ እሱም ሐሳቡን በአደባባይ ስለጻፈ እኔም በአደባባይ እመልሳለሁ።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንግባባ። የድሮ ቴምብሮቻችን በአብዛኛው አውሮፓ ታትመው በመርከብ ነው የሚመጡት። ንጉሥ ሲለወጥ፣ የገንዘብ ዓይነት ሲቀየር፣ ጦርነት ሲነሳ፣ አዲስ ቴምብር እስኪታተም መጠበቅ አይቻልም። ስለዚህ መጋዘን ውስጥ ባለው ቴምብር ላይ አዲሱን ቃል፣ አዲሱን ስም ወይም አዲሱን ዋጋ ይመቱበታል። ሰብሳቢዎች ኦቨርፕሪንት ይሉታል። የተቀየረው ዋጋው ከሆነ ሰርቻርጅ ይባላል። እኔ ለሁለቱም «የላይ ጽሑፍ» እላለሁ። ፖስታ ቤት ደብዳቤው ሲላክ ቴምብሩ ዳግም እንዳይሠራ ከሚመታው ክብ ማኅተም ጋር እንዳታምታቱት፤ እሱ ሌላ ነው።

አሁን ወደ አንበሳው እንምጣ። የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮቻችን እ.ኤ.አ. በ1894 የወጡት ሰባቱ ናቸው፤ አራቱ የምኒልክ ምስል፣ ሦስቱ አንበሳ። ፓሪስ ታተሙ፣ ምስሉን የቀረጸውም ፈረንሳዊው ኧዤን ሙሾን ነው። የተጻፈባቸው በእኛው ፊደል ብቻ ነበር። ከዚያ የሆነውን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1901 በእጅ ማኅተም «ኢትዮጵያ» የሚለው ስም በፈረንሳይኛ ተመታባቸው። በ1902 በእኛ ፊደል «ቦስታ» ተባለባቸው። በ1903 ደግሞ «መልክት»፣ ማለትም መልእክት። በ1905 በፈረንሳይ ሳንቲም ዋጋ ተመታባቸው። በ1908 በፒያስትር ሌላ ዋጋ መጣ፣ ምክንያቱም ኢትዮጵያ ጥቅምት 22 ቀን 1901 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 1 ቀን 1908፣ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። ከዚያ በፊት ወደ ውጭ የሚሄድ ደብዳቤ በጅቡቲ በኩል ሲያልፍ የእኛ ቴምብር ብቻውን አይበቃውም፣ የፈረንሳዮቹም ይጨመርበት ነበር።

እስቲ አስቡት። አንበሳው ያው አንበሳ ነው፣ ከ1894 እስከ 1908 ጭራውን እንኳ አላነቃነቀም! የተንቀሳቀሰው ጽሑፉ ነው። አንድ አገር ፖስታ የሚባለውን አዲስ ነገር ምን ብዬ ልጥራው እያለች ስትሞክር፣ በየትኛው ገንዘብ ልሽጠው እያለች ስትወዛገብ፣ በመጨረሻም ደብዳቤዋ በራሷ ቴምብር ዓለምን ሲዞር ያሳየን የላይ ጽሑፉ ብቻ ነው። «ቦስታ» እና «መልክት» ሁለት ቃላት ብቻ አይደሉም። አንዱ ከውጭ የመጣ ስም ነው፣ ሌላው ከቤት የተገኘ። «ጽሑፉ ስዕሉን ይሸፍነዋል» የሚለው ሰው ይህን ሁሉ ነው ፌስታል ውስጥ የከተተው።

ሁለተኛ ምሳሌ ልስጣችሁ፤ ይኼ እኔ ክፍል ውስጥ ስጠይቀው የሚያስቃችሁ ዓይነት ነው። የሰሎሞን ዙፋንና የምኒልክ ምስል ያለባቸው ቴምብሮች በ1909 ወጡ፤ በፈረንጆቹ ማለት ነው። በእነዚሁ ቴምብሮች ላይ የንግሥት ዘውዲቱ ዘውድ መጫን ተመታባቸው። ዘውዱ የተጫነው መቼ ነው? የካቲት 4 ቀን 1909፤ በእኛው። በፈረንጆቹ 1917 ነው። ስለዚህ አንድ ቴምብር ላይ ሁለት 1909 አለ፤ ከታች ያለው የፈረንጅ፣ ከላይ ያለው የሐበሻ፣ በመካከላቸው ስምንት ዓመት። በእነዚያ ስምንት ዓመታት ምኒልክ አርፈዋል፣ ልጅ ኢያሱ ወጥተው ወርደዋል፣ የሰገሌ ጦርነት ተደርጓል፣ አውሮፓም በዓለም ጦርነት ውስጥ ናት። ይህን ሁሉ በዙፋኑ ስዕል ብትደረድሩት አንድ ረድፍ ነው። በላይ ጽሑፉ ብትደረድሩት የታሪክ ክፍለ ጊዜ ነው።

ሦስተኛው ክርክሩን ይዘጋዋል ብዬ አምናለሁ። እ.ኤ.አ. በ1928 አሥር ቴምብሮች ወጡ፤ ገሚሶቹ የዘውዲቱ ምስል፣ ገሚሶቹ የተፈሪ። በዚያው ዓመት እነዚሁ ቴምብሮች የአዲስ አበባው አዲስ ፖስታ ቤት ሲከፈት ተመታባቸው። ተፈሪ መስከረም 27 ቀን 1921 ዓ.ም. ንጉሥ ሲባሉ እንደገና ተመታባቸው። ነሐሴ 1921 የመንግሥት አውሮፕላን አዲስ አበባ ሲገባ ትንሽ የአውሮፕላን ምስል ተመታባቸው፤ የመጀመሪያዎቹ የአየር መልእክት ቴምብሮቻችን እነዚህ ናቸው። ከዚያ መጋቢት 1922 ንግሥቲቱ ዐረፉ፣ በማግስቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ታወጁ፣ ይኸው ስም በእነዚሁ ቴምብሮች ላይ ተመታ። በዘውዲቱ ምስል ላይም ጭምር!

አስተውሉ። በሟቿ ንግሥት ፊት ላይ የተተኪው ስም። በስዕል የሚደረድረው ሰው ይህን ቴምብር የት ሊያስቀምጠው ነው? «ንግሥት» ከሚለው ረድፍ? ጽሑፉ ንጉሠ ነገሥት ይላል። «ንጉሠ ነገሥት» ከሚለው ረድፍ? ስዕሉ ንግሥት ነው። መውጫ ስላጣ «የተበላሸ» አለው። የተበላሸው ግን አደራደሩ ነው። ቴምብሩ በሁለት ዓመት ውስጥ ሥልጣን ከእጅ ወደ እጅ እንዴት እንደሄደ ደረጃ በደረጃ ይመሰክራል፤ ይህን ምስክር የሚያክል መጽሐፍ እንኳ ብዙ አናገኝም።

የጦርነቱም አለ። ሐምሌ 1927 የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ተቋቋመ። ወዲያው ጣሊያን መጣ። ታኅሣሥ 1928 በደቡቡ ግንባር መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀል ሐኪም ቤት በቦምብ ተደበደበ። በዚያው የጦርነት ወቅት ከጦርነቱ በፊት በወጡት ቴምብሮች ላይ ቀይ መስቀልና ተጨማሪ ዋጋ ተመታባቸው፤ ለቁስለኛ መርጃ። ከድል በኋላም ኖቬምበር 3 ቀን 1943 በንጉሠ ነገሥቱ ምስል ላይ የሚያዝያ 27 አደባባይን ሐውልት የሚያስታውስ ጽሑፍና አዲስ ዋጋ ተመታ። አንዱ ሊወድቅ ያለ አገር ቁስለኛውን ለማሳከም ያደረገው ነው፣ ሌላው የተነሳ አገር ያደረገው። ሁለቱንም «ቆሻሻ ቀለም» ማለት ይከብዳል፤ ቢያንስ ለእኔ ይከብደኛል።

የላይ ጽሑፍ ሁልጊዜ የእኛ እጅ ሥራ ነው ማለቴ አይደለም። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1893 በገዛ ንጉሡ ቴምብር ላይ «የኤርትራ ቅኝ ግዛት» ብሎ ነው የመታው። እንግሊዞችም በኋላ በጆርጅ ስድስተኛ ምስል ላይ የኤርትራን ስም መቱ። ማን ምን ላይ እንደመታ ካላያችሁ፣ የራሱን ቴምብር ያደሰውን አገርና የሰው አገር ስም የወሰደውን አንድ ላይ ታደርጓቸዋላችሁ። ጣሊያን ያንን በመታ በዓመቱ ምኒልክ የራሳቸውን አወጡ። ይህን ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያየ ተማሪ ስለ ዓድዋ ሁለት ገጽ ባነብለት ይሰማኛል።

እሺ፣ አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ።

«ብዙው ለሰብሳቢ ገበያ የተመታ ነው» ይሉኛል። እውነት አለው። ብዙዎቹ ለደብዳቤ ብቻ ሳይሆን ለውጭ አገር ሰብሳቢ ኪስም ታስበው ነው የወጡት። ታዲያ ምን? ቤተ መንግሥቱ ለዓለም ምን ብሎ ራሱን ማስተዋወቅ እንደፈለገ አያሳይም? ማስታወቂያም ሰነድ ነው።

«ሐሰተኛው ብዙ ነው» ይሉኛል። ይኼም እውነት ነው፤ በተለይ የምኒልክ ዘመኑ የእጅ ማኅተም በጣም ተመሳስሎ ተሠርቷል። ይህ ግን ለመጣል ሳይሆን ለመመርመር ምክንያት ነው። ሐሰተኛ ብር አለ ብሎ ብሩን የሚጥል የለም።

«ካታሎግ አለ፣ ቁጥሩን አይቶ መደርደር ነው» የሚሉም አሉ። ካታሎግ ጥሩ ነው፣ እኔም እጠቀማለሁ። ነገር ግን ካታሎጉን የሚያዘጋጀው የፈረንጅ ሰብሳቢ «መልክት» የሚለውን ቃል እንደ ስዕል ነው የሚያየው፤ የፊደሉን ቅርጽ በአጉሊ መነጽር ከሥዕል ጋር ያመሳስላል። እናንተ ግን ታነቡታላችሁ! አራተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ያነበዋል። ማንበብ የሚችል ሰው ማንበብ ከማይችል ሰው ቁጥር ተውሶ ሲደረድር ምን ይባላል? ስንፍና ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

«ድሃ አገር ውስጥ ቴምብር!» ለሚለው ደግሞ፦ የምጠይቀው አንድ ወረንጦ፣ አንድ አጉሊ መነጽር፣ አንድ ደብተርና ሁለት ቅዳሜ ነው። ሚሊዮን የሚያወጣ ሀብት ተቀብሯል እያልኩም አይደለም፤ ብዙው የላይ ጽሑፍ ያለበት ቴምብር ርካሽ ነው። ግን የትኛው ርካሽ እንደሆነ፣ የትኛው እንዳልሆነ ሳያውቁ በጅምላ መሸጥ ድህነትን አይቀንስም፣ ይጨምራል እንጂ።

እንዴት ነው የሚለየው ለምትሉኝ፣ ተማሪዎቼን የማስተምረው ይኸው፦

1. በውሃ አትንከሩት። በተለይ ሐምራዊ የእጅ ማኅተም ቀለሙ ይሄዳል። ፖስታው ላይ ተለጥፎ ያለ ከሆነ ደግሞ ከነፖስታው ይቀመጥ፤ አድራሻውና ቀኑ ከቴምብሩ እኩል ዋጋ አለው።

2. መጀመሪያ ሥሩን ለዩ። የላይ ጽሑፉን ለጊዜው ርሱትና ከታች ያለው ቴምብር የትኛው እትም እንደሆነ፣ መነሻ ዋጋው ስንት እንደሆነ ጻፉ።

3. ቀጥሎ የላይ ጽሑፉን ቃል በቃል ገልብጡ። ፊደሉን «አታርሙት»። «መልክት» ካለ «መልእክት» ብላችሁ አትጻፉ። የግዕዝ ቁጥር ካለም እንዳለ ይጻፍ።

4. በእጅ የተመታ ነው ወይስ በማሽን? የእጅ ማኅተም ይንሻፈፋል፣ ቀለሙ አንድ ቦታ ወፍሮ ሌላ ቦታ ይሳሳል። የማተሚያ ማሽን ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ አንዳንዴም ከጀርባው በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል። የቀለሙን ዓይነትም መዝግቡ፤ ጥቁር፣ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ። ተገልብጦ የተመታ ካገኛችሁ ለብቻው አስቀምጡት፤ «ተሳስቷል» ብላችሁ እንዳትጥሉት፣ አደራ።

5. የፖስታ ቤቱን ክብ ማኅተም ከላይ ጽሑፉ ጋር አስተያዩ። በደንቡ መጀመሪያ የላይ ጽሑፉ ይመታል፣ ቴምብሩ ይሸጣል፣ ደብዳቤው ሲላክ ክብ ማኅተሙ ይመጣበታል። በአጉሊ መነጽር ስታዩት የላይ ጽሑፉ ቀለም ከክብ ማኅተሙ በላይ ካረፈ፣ ቴምብሩ ከተላከ በኋላ ነው የተመታው ማለት ነው። እሱን ጠርጥሩት፤ ሐሰተኞቹ ከሚያዙባቸው መንገዶች ጥሩው ይኼ ነው።

6. ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። የሁለቱን 1909 ነገር አትርሱ።

7. ገጹን በላይ ጽሑፉ ዘመን ደርድሩ፤ በየገጹ ውስጥ ከትንሹ ዋጋ ወደ ትልቁ። የጎደለውን ቦታ ባዶ ተዉት። ባዶ ቦታ አያሳፍርም፤ ምን እንደሚፈለግ ይነግራል። ማስታወሻ የሚጻፈው ገጹ ላይ በእርሳስ ነው፣ ቴምብሩ ጀርባ ላይ በስክሪብቶ አይደለም። ኮላ ደግሞ በጭራሽ!

አሁን አንድ መራራ ነገር ልናገር፣ ጅንካ ላይ ስለምኖር።

እኛ እዚህ ምን ብለን ነው የምናማርረው? ቱሪስቱ ይመጣል፣ ቅዳሜ ገበያ ይቆማል፣ የሙርሲዋን እናት፣ የሐመሩን ጎረምሳ ፎቶ ያነሳል፣ ከፍሎ ይሄዳል። ስሟን አይጠይቅም። የማን ልጅ እንደሆነች፣ ምን እንዳለች አይሰማም። ፎቶዋ አንድ አልበም ውስጥ «ኦሞ» ተብሎ ይገባል፣ ካሮውም ዳሰነቹም ኛንጋቶሙም አንድ ላይ። በዚህ ሁላችንም እንቆጣለን፣ እኔም እቆጣለሁ፣ ልክም ነን። ታዲያ መልክ አይቶ ቃሉን አለማንበብ በሰው ላይ ሲደረግ ነውር ከሆነ፣ የራሳችንን ሰነድ ስንይዝ ከየት የተማርነው ነው? ልጆቻችንን በስዕል ደርድሩ፣ የተጻፈውን ተዉት እያልን የምናሳድጋቸው ነገ ምን እንዲሆኑ ነው?

የላይ ጽሑፍ ለደቡብ ኦሞ ሰው እንግዳ ነገርም አይደለም። ይህ አገር ራሱ ስንት ጊዜ ተመቶበታል! ጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት፣ ገለብና ሐመር ባኮ አውራጃ፤ ቀጥሎ ክፍለ ሀገር፤ ቀጥሎ የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል፤ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል። ደቡብ ኦሞና አሪም ሁለት ዞን ሆኑ። አንድ መሥሪያ ቤት የሰጠኝ ደብዳቤ አለኝ፤ የራስጌው የድሮ ክልል ስም በስክሪብቶ ተሰርዞ አዲሱ ስም በማኅተም ተመቶበታል። የሰጠኝ ልጅ «ይቅርታ ጋሼ፣ አዲሱ ወረቀት እስኪመጣ ነው» አለኝ። «የተበላሸ» ብዬ ልጣለው? የዛሬ ሃምሳ ዓመት ክልሉ እንዴት እንደተወለደ የሚጠይቅ ተማሪ ከየትኛውም ንጹሕ ወረቀት ይልቅ የሚፈልገው እሱን ነው። አሮጌው ስምና አዲሱ ስም አንድ ገጽ ላይ ስላሉ።

ስለዚህ የምጠይቀው ግልጽ ነው።

ለትምህርት ቤቱ፦ ፌስታሉ ለማንም አይሸጥ። ኮላ የነካቸውንም ማንም እንዳይልጣቸው፣ እንዳሉ ይቆዩ። አልበሙ የነበረበት ቅደም ተከተል የሚያስታውስ ካለ አሁኑኑ ይጻፈው፤ ሟቹ በምን ሐሳብ እንደደረደሩት ከቴምብሮቹ ያልተናነሰ ነገር ነው። ጽፌ፣ ደውዬ፣ በአካልም ሄጄ ነግሬያለሁ፤ እዚህ የምጽፈው ሰሚ ሲጠፋ ነው።

ጅንካ ላላችሁ ተማሪዎቼ፦ በሚቀጥሉት ሁለት ቅዳሜዎች ከገበያ መልስ ነፃ የሆነ ይጻፍልኝ። ዐሥር ሰው ከተገኘ ትምህርት ቤቱን ክፍል አስፈቅጄ አብረን እንለያቸዋለን። እጃችሁን ታጥባችሁ ኑ፣ ወረንጦ ከእኔ።

አዲስ አበባ ያላችሁ፦ ዋናው ፖስታ ቤት ዘንድ ያለውን የፖስታ ሙዚየም ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ መስታወቱ ፊት ቆማችሁ «ይኼ ምን ይላል?» ብላችሁ አስነብቧቸው።

ውጭ ያላችሁ ደግሞ፦ የኢትዮጵያ የድሮ ቴምብር በየገበያው ስታዩ ዋጋውን ብቻ አትጠይቁ። አንብቡት፣ ፎቶ አንሱት፣ የተጻፈውን ላኩልን።

ሁላችሁም በአባቶቻችሁ ሣጥን ውስጥ ያለ ደብዳቤ አውጡ። ራስጌው የተሰረዘ፣ ማኅተም የተደረበበት፣ ስሙ የተቀየረ ወረቀት ካገኛችሁ ኮመንት ላይ ምን እንደሚል ጻፉልኝ፤ ከታች ያለውንም ከላይ ያለውንም።

ሼር አድርጉት፤ ፌስታሉ ሳይሸጥ የሚመለከተው ሰው ጋ ይድረስ።

ቸር ይግጠመን።